ከመኰንንነት ወደ ተንባሊነት፤ ስለ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴና ስለ ባሮ በር

በግእዝ ቋንቋ አገር ገዢ መኰንን ይባላል። ቃሉ የወጣው ኰነነ ከሚለው ግስ ነው፤ ኰነነም ገዛ፥ ፈረደ ማለት ነው። ከንጉሥ ወደ ንጉሥ የሚላከው ሰው ደግሞ ተንባሊ ይባላል፤ እርሱም ተንበለ ካለው ግስ የተገኘ ሲሆን ተንበለ ለመነ፥ አማለደ ማለት ነው። ስለዚህ የቀደሙ ሊቃውንት የነገሥታትን መልእክተኛ በጠሩበት ስም ስለ ሕዝብ የሚማልዱትን ቅዱሳንንም ጠርተውበታል። እንግዲህ አንድ ሰው ከአገር ገዢነት ተነሥቶ አምባሳደር ሲሆን የማዕርጉን ስም ለወጠ ብለን ብቻ አንለፈው። ትናንት በወንበር ተቀምጦ ይፈርድ የነበረው ዛሬ በሰው ደጅ ቆሞ ይለምናል፤ ትናንት ቃሉ ትእዛዝ የነበረው ዛሬ ቃሉን የሚሰማለት ይሻል።

በአገራችን ልማድ ይህ መሻገር እንደ ውርደት ይቈጠር ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት እንደሚያስረዳው፥ ሹመት ማለት መሬትና ግብር፥ ሎሌና አጀብ ነበር፤ በባሕር ማዶ ላለ መልእክተኛ ግን ይህ ሁሉ የለውም። ስለዚህ አንድ ታላቅ ሰው አምባሳደር ሆኖ ተላከ የተባለ እንደ ሆነ፥ ሕዝቡ በጆሮው «ተሾመ» ሲል ይሰማና በልቡ «ተሻረ» ብሎ ይተረጕመው ነበር። ይህም ሰምና ወርቅ በብዙዎች ላይ እውነት ሆኖ ታይቷል።

ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሐረርን፥ ወሎንና ጎጃምን የገዙ፥ በኋላም በዋሽንግቶን፥ በሕንድና በሞስኮ የኢትዮጵያ አምባሳደር የሆኑ ሰው ናቸው። ታሪካቸውን ባጭሩ የሚናገሩ ሰዎች እስከ ጦርነቱ ድረስ ገዢ፥ ከጦርነቱ በኋላ አምባሳደር ነበሩ ብለው በሁለት ይከፍሉታል። ነገሩን ቀርቦ ለሚመረምር ሰው ግን መልእክተኛነታቸው በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካ አልጀመረም፤ የጀመረው በ1928 ዓ.ም. ክረምት በጎሬ፥ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ አናት ላይ ነው። ይህንንም ለማስረዳት አስቀድመን ስለ ስፍራው ጥቂት እንናገር።

ጎሬ በኢሉባቦር ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጋምቤላ ደግሞ ከእርስዋ በስተ ምዕራብ በቆላው በባሮ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ባሮ ብርብርና ገባ ከሚባሉት ወንዞች መገናኘት ይጀምራል፤ ከደጋው እየተወረወረ ወርዶ ሜዳውን ካገኘ በኋላ ጸጥ ብሎ ይፈስሳል፤ ወደ ሶባትም ገብቶ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ከአገራችን ወንዞች መካከል መርከብ ከውጭ አገር ጭነት ይዞ የሚመጣበት እርሱ ነበር። በክረምት ውሃው ሲሞላ ከካርቱም የተነሣው የእንፋሎት መርከብ እስከ ጋምቤላ ይደርስ ነበር፤ በበጋ ውሃው ሲጐድል ግን መንገዱ ይዘጋ ነበር። በወንዙ ዳርና በሜዳው የአኝዋና የኑዌር ሕዝብ፥ በዱሩም የማጃንግ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖራል።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የድንበር ውል ተዋዋሉ። በውሉ አራተኛ ክፍል በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተፈቀደ። መሬቱ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፥ በጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፥ ለጦርና ለፖለቲካ ሥራ እንዳይውል፥ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተጻፈ። ለጣቢያው የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የምዕራብ አገር ቡና፥ ሰምና ቆዳ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ከደጋው እየወረደ በመርከብ ወደ ካርቱም ሄደ፤ ጨውና የጥጥ ልብስም በመርከብ መጣ። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በጋምቤላና በጎሬ ሱቅ ከፈቱ፤ እንግሊዝም በጎሬ ቆንሲል አስቀመጠ።

የኢሉባቦር ገዢ ሆኖ ጎሬ የሚቀመጥ መኰንን እንግዲህ ከሌሎች ገዢዎች የተለየ ዕጣ ነበረው። በግዛቱ ውስጥ ትእዛዙ የማይደርስበት አንድ ቍራሽ መሬት አለ። እዚያ ያለው ሹም የሌላ መንግሥት ሰው ነው፤ ስለ ቀረጥም ሆነ ስለ ሸሸ ወንጀለኛ፥ ድንበር ተሻግሮ ስለ ሄደ ከብትም ሆነ ስለ ጠብ መንጃ ንግድ አንድ ነገር ቢፈልግ መጻፍ፥ መነጋገር፥ መታገሥ አለበት። ያገሩ ሕዝብም ቢሆን በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ዘመድ ያለው ነው። ስለዚህ የጎሬ ገዢ ሳይወድ በግድ የመልእክተኛነትን ፊደል ይቈጥር ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ፊደል በጎሬ ቈጥረው ንባቡን በኤውሮጳ የዘለቁት ደጃዝማች፥ በኋላም ራስ የተባሉት ናደው አባ ወሎ ናቸው። ደጃዝማች ናደው በ1911 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ለድል አድራጊዎቹ መንግሥታት የደስታ መልእክት ይዞ የሄደው ልዑክ አለቃ ነበሩ፤ በኋላ ብላቴን ጌታ ከተባሉት ከኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከከንቲባ ገብሩ ጋር ሆነው እስከ አሜሪካ ደርሰዋል። ከአራት ዓመት በኋላም ኢትዮጵያን ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ለማስገባት ወደ ዠኔቭ የሄደውን ልዑክ መሩ። ማኅበሩ ኢትዮጵያን የተቀበለበት ቀን መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነበር፤ ይኸውም የመስቀል በዓል ነው። በአገር ቤት ካህናቱ የመስቀሉን መገኘት ሲያከብሩ፥ በዠኔቭ የኢትዮጵያ ስም ከነጻ መንግሥታት ስም ጋር ተጻፈ።

ዳሩ ግን መግባቱ ያለ ክስ አልነበረም። ፈረንሳይ ስትደግፍ እንግሊዝ አመነታች፤ ለማመንታትዋም ያቀረበችው ምክንያት የባሪያ ንግድ ነበር። በዚህ ነገር የባዕድ ክፋት ብቻ ነው ብለን አፋችንን አንሞላም፤ ክሱ እውነት ነበረበትና። ከከፋና ከማጂ፥ ከቆላውም አገር ሁሉ ሰው እየተነዳ ይሸጥ ነበር፤ የኢሉባቦርም መንገድ ከዚህ ንጹሕ አልነበረም። ኢትዮጵያ ወደ ማኅበሩ ስትገባ የባሪያን ንግድ ለማጥፋት ቃል ገባች፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪም ይህንኑ የሚከለክል ሕግ አወጡ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በጎሬ ወንበር ላይ ፈራጅ የነበረው ሰው በዠኔቭ አዳራሽ ስለ አገሩ ተከሳሽ ሆኖ ቆመ። ተንባሊነት ከሚያስተምረው ትምህርት የመጀመሪያው ይህ ነው፤ የሰውን አገር ደጅ የሚጠና ሁሉ ስለ ቤቱ ጕድፍ መጠየቁ አይቀርም። ራስ ናደው ንጉሥ ተፈሪ የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ ከመጫናቸው አስቀድሞ ዐረፉ፤ በዠኔቭ የተከሉት ዛፍ ምን ፍሬ እንዳፈራ አላዩም። ያንን ያየው ሌላው ሰው ነው።

ልዑል ራስ እምሩ በ1885 ዓ.ም. በሐረርጌ ተወለዱ። በልጅነታቸው በልዑል ራስ መኰንን ቤት ከልጅ ተፈሪ ጋር አብረው አደጉ፤ አብረውም ተማሩ። ዘመድነትና የልጅነት ጓደኝነት ከንጉሡ ጋር ስላስተሳሰራቸው ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነው አዲስ አበባ ሲቀመጡ ሐረርን የሚጠብቅላቸው እምሩ ሆኑ። ከዚያም ወሎን ገዙ። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም ሲነሡ በስፍራቸው ተሾሙ። የጎጃም ሹመት ቀላል አልነበረም፤ ሕዝቡ በቀድሞው ግብር የተማረረ ቢሆንም፥ የአገሩ ተወላጅ ያልሆነ ገዢ ከሸዋ ሲላክበት ደስ አላለውም። ራስ እምሩ በገንዘብ የማይታሙ ሰው ነበሩ፤ በኋላ ዘመን የራሳቸውን መሬት ለጭሰኞች በማካፈላቸውም ስማቸው የተነሣ ነው።

ጦርነቱ በ1928 ዓ.ም. በመጣ ጊዜ የጎጃምን ሠራዊት ይዘው ወደ ሽሬ ዘመቱ። በታኅሣሥ ወር ተከዜን ተሻግረው በደምበጊና በር የኢጣልያን ጦር ከነታንኩ ድል ነሡ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ከሰማይ የመርዝ ጋዝ ወረደባቸው። ስለዚህ ነገር የሰጡት ምስክርነት በውጭ አገር ተጽፎ ተነበበ፤ የጦር አበጋዝ ሆነው ሳሉ ስለ ተቃጠለ ወገን ለዓለም የሚናገሩ ምስክር ሆኑ። በየካቲት መጨረሻ በሽሬ ከተሸነፉ በኋላ ወደ ጎጃም ቢመለሱ አገሩ እንደ ትናንቱ አልቈየም፤ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ሸፍተው ነበር። የገዙት አገር እንኳ ማረፊያ ስላልሆነላቸው ዓባይን ተሻግረው ወደ ምዕራብ ሄዱ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ በሦስተኛው ቀን ጠላት ገባ። መንግሥቱ ወደ ጎሬ እንዲዛወር አስቀድሞ ታስቦ ነበር፤ ንጉሡ ወደ ዠኔቭ ሄደው ይከራከሩ የሚለው ምክር ግን በለጠ። ራስ እምሩም የንጉሡ እንደራሴ እንዲሆኑ ተወሰነ። በጎሬ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ ጊዜያዊ መንግሥት ቆመ።

አሁን የጎሬን ሁኔታ እናስተውል። እንደራሴው የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን አላቸው፤ ግን ግብር የሚያገባ አገር፥ ስንቅ ያለው ሠራዊት፥ መትረየስና ጥይት የላቸውም። ከንጉሡ ጋር የሚገናኙበት መንገድ ከዚያ ከ2,000 ሜትር የወንዝ ዳርና በጎሬ ካለው ከእንግሊዝ ቆንሲል በቀር ሌላ የለም። የወለጋ ባላባቶች ደግሞ በደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር መሪነት ተሰብስበው የምዕራብ ኦሮሞ ማኅበር አቁመው፥ በእንግሊዝ ጠባቂነት ሥር እንዲሆኑ በዚሁ ቆንሲል በኩል ለመንግሥታት ማኅበር አመለከቱ። ከሰሜን ሸሽቶ የመጣውን የወታደር ብዛት መመገብ የሰለቸው ያገሩ ሕዝብም ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ በአንዲት ከተማ ሦስት ወገን ይለምን ነበር፤ እንደራሴው ስለ መንግሥቱ፥ ባላባቶቹ ስለ አገራቸው፥ ገበሬው ስለ ጐተራው። የሚለመነው ግን አንድ ነበረ፤ ከባሮ ማዶ ያለው ዓለም።

ይህ ዓለም ምን መለሰ? ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት በዠኔቭ ቆመው ተናገሩ። ደጃዝማች ናደው ከ13 ዓመት በፊት በገቡበት ማኅበር ንጉሡ ራሳቸው ተንባሊ ሆኑ። ማኅበሩ ሰማ፤ ከሰማም በኋላ በሐምሌ ወር በኢጣልያ ላይ የጣለውን የንግድ ቅጣት አነሣ። በዚያው ሰሞን፥ ሰኔ 20 ቀን፥ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች በነቀምቴ አጠገብ በቦነያ የወረዱትን የኢጣልያ አውሮፕላኖች አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮንና ጓደኞቹን ገድለው ነበር። እነዚህ ወጣቶች ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቁመው፥ በዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነ መሪነት ደንብ ጽፈው፥ የጦሩ ሥራ ለፖለቲካው ምክር እንዲገዛ፥ ገበሬው እንዳይበደል፥ ምርኮኛም እንዳይጕላላ ወስነው ከራስ እምሩ ጋር ተባበሩ። የተማረ ወጣትና የቀድሞ መኰንን በአንድ ምክር የተቀመጡበት ያ ክረምት በታሪካችን ልዩ ነው።

በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጠላት ጎሬን ያዘ። በዚያ የነበሩት ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ሚካኤል ነበሩ፤ በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንደ ተገደሉ፥ አቡነ ሚካኤልም ለጠላት አንገዛም በማለታቸው በጎሬ በጥይት ተገደሉ። ራስ እምሩ በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን መውጣት ይቻላቸው ነበር፤ በሩ ገና አልተዘጋም። እርሳቸው ግን ከጥቁር አንበሶች ጋር ወደ ደቡብ ወደ ከፋ አቀኑ፤ በታኅሣሥ ወርም በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ።

በዚህ ስፍራ አንዳንድ ሰዎች ጳጳሱን ከራሱ ጋር እያነጻጸሩ፥ አንዱ ሞተ፥ አንዱ ተማረከ ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ለሰማዕቱ የሰጠችው ክብር የታወቀ ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ነገር ግን የሰማዕቱን አክሊል ለማብራት የምርኮኛውን ፊት ማጥቈር አያስፈልግም። እረኛ በመንጋው መካከል ይሞታል፤ ይህ የእረኛ ሥራ ነው። ጥይት ያለቀበት፥ በኋላውም በመቶ የሚቈጠር ወጣት ያለበት መሪ ግን ለነዚያ ወጣቶች ሕይወት ደግሞ ተጠያቂ ነው። ዕድሉ የከፋው ነገር ራስ እምሩ በሕይወት ወደ ኢጣልያ ሲወሰዱ፥ አብረዋቸው ከገቡት ወጣት መኰንኖች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ መገደላቸው ነው። ይህ ሐዘን ዕድሜያቸውን ሁሉ አብሯቸው እንደ ኖረ ማሰብ አያስቸግርም።

በኢጣልያ አገር የታሰሩት ፖንሳ በምትባል ደሴት ነው። የእግዚአብሔር ፍርድ ግን አይታወቅም፤ ሐምሌ 18 ቀን 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ወርዶ ሲታሰር፥ በሦስተኛው ቀን የተወሰደው ወደዚያችው ደሴት፥ ራስ እምሩ ታስረውበት ወደ ነበረው ቤት ነው። አሳሪው በእስረኛው አልጋ ተኛ። ባለቅኔ ቢሆን ኖሮ ይህን ሰምና ወርቅ ራሱ ፈጥሮ አይደፍረውም ነበር፤ ታሪክ ግን ደፈረው።

ከራስ እምሩ ጋር ከታሰሩት መካከል አንድ የጎጃም ሰው ነበሩ፤ እርሳቸውም ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ፥ ከሽሬ እስከ ጎጀብ ከራስ እምሩ ጋር የዘመቱ ናቸው። ከእስር ሲፈቱ እርሳቸውም የውጭ አገር ሥራ ገቡ፤ በኢየሩሳሌም ቆንሲል፥ ከዚያም በዋሽንግቶን ጸሐፊ፥ በኋላም በለንደን አምባሳደር ሆኑ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። ከቅኔ ቤት ወጥቶ፥ በጦርና በእስር አልፎ፥ አምባሳደር መሆን በአንድ ሰው ብቻ የታየ ነገር እንዳልሆነ በዚህ እንረዳለን። ቅኔ ሰውን ሁለት ነገር በአንድ ቃል መስማት ያስተምረዋል፤ የመልእክተኛም ሥራ ይኸው ነው።

ራስ እምሩ በ1938 ዓ.ም. በዋሽንግቶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌጋሲዮኑ ወደ ኤምባሲነት ከፍ ሲል አምባሳደር ሆኑ። በመስከረም 1941 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የአሜሪካ ሊቃውንት ማኅበር የመቶኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር፥ ፕሬዚዳንት ትሩማን ንግግር በሚያደርጉበት አዳራሽ ከሌሎች መልእክተኞች ጋር ተገኙ። አዳራሹ ኮንስቲቱሽን ሆል ይባላል፤ በ1931 ዓ.ም. ማሪያን አንደርሰን የተባለችውን ታላቅ ዘማሪ ጥቁር ናት ብሎ የከለከለ አዳራሽ ነው። ራስ እምሩንም ስለ መልካቸው ጥቁረት ከተቀመጡበት የክብር ስፍራ ተነሥተው ወደ ሌላ ወገን እንዲሄዱ ነገሯቸው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጊዜ የቀድሞው መኰንን ምን ያደርግ ነበር? ሐረርን፥ ወሎንና ጎጃምን የገዛ፥ በሽሬ ታንክ የማረከ ሰው፥ በአገሩ ቢሆን ኖሮ ያንን አስተናጋጅ በግርፋት ይቀጣው ነበር። ራስ እምሩ ተነሥተው አዳራሹን ለቀው ወጡ። ከዚያም ነገሩ በመንግሥት ወረቀት ቀረበ፤ የአሜሪካ መንግሥትም ይቅርታ ጠየቀ። የኢትዮጵያ ክብር በአንድ ጩኸት ሳይሰማ በአንድ ባዶ ወንበር ተሰማ። በጎሬ ክረምት ኃይል ሳይኖር በክብር መኖርን የተማረ ሰው ባይሆን ኖሮ ይህን ማድረግ ባልቻለ ነበር ብለን እንፈርዳለን። በአሜሪካም ለነበሩት ጥቁር ሰዎች ይህ ነገር ትንሽ አልነበረም፤ ለእነርሱ በየቀኑ የሚደርሰው ግፍ በአንድ ነጻ መንግሥት መልእክተኛ ላይ ሲደርስ ዓለም ሊሰማው ተገደደ። በዚህ ጊዜ ተንባሊ የሚለው ቃል ሁለቱንም ፍቹን አገኘ፤ መልእክተኛም አማላጅም ሆኑ።

ከዋሽንግቶን በኋላ በሕንድ አምባሳደር ሆኑ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ባደረጉ ጊዜ፥ ራስ እምሩን ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው በሬድዮ አስነገሩ። ሁከቱ በጥቂት ቀን ከሸፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በልጅነት ጓደኛቸው ላይ ቅጣት አላወጡም፤ ከዚያ በኋላ በሞስኮ አምባሳደር አደረጓቸው። ይህን የሞስኮ ሹመት «ተሻረ» ብሎ የተረጐመ ሰው ጨርሶ ተሳሳተ አንልም። ነገር ግን ከሹመትና ከሽረት በላይ የሆነውን ነገር እናስተውል፤ ዐመፀኛው ለስሙ ማማር የሚሻው፥ ንጉሡም ከዐመፁ በኋላ የሚያምነው፥ በ1966 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላም ደርግ ያልነካው አንድ ሰው ነበር። በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ሲያርፉ መሳፍንትን ያጠፋው መንግሥት በክብር ቀበራቸው። ልጃቸው ሚካኤል እምሩም አምባሳደር ሆነው ሠርተዋል፤ በ1966 ዓ.ም. ክረምትም ለጥቂት ሳምንታት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። የራስ እምሩ የራሳቸው ማስታወሻ «ካየሁት ከማስታውሰው» ተብሎ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል፤ ወጣቶች ሊያነቡት የሚገባ ነው።

አሁን ወደ ባሮ እንመለስ። ጋምቤላ በጠላት ዘመን ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋር እስከ ተዋጋበት እስከ 1932 ዓ.ም. ድረስ በኪራዩ ጸንታ ቈየች፤ ከዚያ ተያዘች። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች ከሱዳን ወገን ገብተው አስለቀቋት፤ በራስ እምሩ ላይ የተዘጋው በር ነጻነት የሚገባበት በር ሆነ። በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻ ስትወጣ የአፄ ምኒልክ ውል እንደ ተጻፈው ዘመኑ አለቀ፤ መሬቱም ያለ ጥይት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በ1894 ዓ.ም. ለውሉ ወሰን የጻፈ ብዕር ከ54 ዓመት በኋላ አገር አስመለሰ ማለት ነው። መልእክተኛ የሚጽፈው ቃል እንደ ዘር ነው፤ ዘሪው ሳያየው ይበቅላል።

ዛሬ ጋምቤላ የክልል ከተማ ናት። ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ቀርቷል፤ ወንዙ ግን እንደ ጥንቱ ወደ ጎረቤት አገር ይፈስሳል። አኝዋውም ኑዌሩም ዛሬም በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ወንድም አለው። በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ስደተኛ በዚያ ድንበር ገብቶ በክልሉ ተጠልሏል። ስለዚህ በዚያ ምድር የሚሾም ሁሉ፥ የማዕርጉ ስም ምንም ቢሆን፥ እንደ ቀድሞዎቹ የጎሬ ገዢዎች ግማሹ መኰንን፥ ግማሹ ተንባሊ ነው። በገዛ አገሩ ሕዝብ መካከል እንኳ የአንዱን ጐሣ ቅሬታ ለሌላው የሚያስረዳ፥ ስለ አንዱ ለሌላው የሚለምን ካልሆነ ወንበሩ አይጸናለትም።

ራስ ናደውና ራስ እምሩ ያለፉበት መንገድ ለዛሬ ሹም የሚሰጠው ምክር ይህ ነው። መፍረድን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ሰው ሲሾም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይለምደዋልና። መለመንን ግን የሚማረው አንድም በትሕትና አንድም በመከራ ነው። ራስ ናደው በዠኔቭ ስለ አገራቸው ጕድፍ ተጠይቀው፥ ራስ እምሩም በጎሬ ኃይላቸውን አጥተው ተማሩት። የሁለቱን መከራ ሳንቀበል ትምህርታቸውን ብንቀበል ለእኛ ጥቅም፥ ለእነርሱም መታሰቢያ ይሆናል። እግዚአብሔር ለአገራችን ሲፈርዱ የሚራሩ መኰንኖችን፥ ሲለምኑም የማያዋርዱን ተንባልያንን ይስጥልን።